ግምት የማይወዱት ጋሽ ሚዛን

ደረሰኝ የማይጥል ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሌላው ወረቀቱን አጣጥፎ የሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር ሥር ሲሸጉጥ፣ እሱ በወርና በዓመት ደርድሮ በላስቲክ ያስረዋል። ዳቦ ሲገዛ በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ ይመዝናል። አውቶቡስ ውስጥ መልሱን ቆጥሮ ሲጨርስ ቲኬት ቆራጩን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል። እንዲህ ያለው ሰው ጎረቤት ሲሆን ያስቃል፤ ደንበኛ ሲሆን ያስለቅሳል። ይህን የኤሌክትሪክ ኩባንያው የመስኮት ቁጥር አራት ሠራተኛ ቀርባ ትመሰክራለች።

ለእሷ የደረሷት ጋሽ ሚዛን ናቸው። እውነተኛ ስማቸው ፋይሉ ላይ አለ፤ ግን ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ በዚያ የሚጠራቸው የለም። ሠላሳ አራት ዓመት የገበያ ሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሥጋ ሻጭ አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ ጣል ሲያደርግ ከመንገድ ማዶ ሆነው ያዩ ነበር ይባላል። ጡረታ ሲወጡ ሚዛኑን አስረከቡ፤ ዓይናቸውን ግን ይዘውት ወጡ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው መስኮት አራት ፊት ይቆማሉ።

ሌሎቹ መስኮቶች ባዶ ቢሆኑም አይሄዱም። «አንቺ ትሰሚያለሽ ልጄ፤ እነሱ ይሰለቻሉ» ይሏታል። እሷም ትሰለች ነበር፤ ፊቷ ስለማያሳብቅባት ብቻ ነው ይህ ሁሉ ፍዳ የወረደባት።

የሙግታቸው ሥር አንድ ነው። ኩባንያው የየቤቱን ፍጆታ ይገምትና በየወሩ እኩል ክፍያ ይቆርጣል። በስድስት ወር አንዴ ቆጣሪ ይነበብና ግምቱ ይስተካከላል፤ ተስተካክሎ ሲወርድ ያየ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም። ሲጨምር ደግሞ «ወርሃዊ ክፍያዎ ተሻሽሏል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል።

«ተሻሽሏል?» ይላሉ ክቡር አቤቱታ አቅራቢ፣ ደብዳቤውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው። «ማን ተሻለው? እኔ እንደሁ ብሶብኛል!»

«ጋሼ፣ ግምት ነው እኮ። በኋላ ይስተካከላል።»

«ግምት ለጠንቋይ ነው! ሰው የሆነ ይለካል!»

ቀጥሎ ደብተሩ ይገለጣል። ቆጣሪያቸውን በየቀኑ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ያነባሉ፤ ንባቡ በጥቁር፣ አስተያየቱ በቀይ እስክሪብቶ ይሰፍራል። «እኔን እዪ፤ ቁጠባ ማለት እኔ ነኝ። እሁድ እሁድማ ቆጣሪዬ ንቅንቅ አይልም። ሰንበትን የሚያከብር ቆጣሪ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ተሰልፎ የቆመው ሰው ሁሉ ይስቃል። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ ያ እሁድ አንድ ቀን ጉድ እንደሚያፈላ ማን አወቀ?

አንድ ማክሰኞ ግን ብቻቸውን አልመጡም። ከእሳቸው ክፍል ሥር የምትኖረውን ልብስ ሰፊ እንደ ምስክር ይዘዋት ቀረቡ። የልብስ ሰፊዋ ክፍያ ክረምቱ ከገባ ወዲህ «ተሻሽሎ» ሦስት እጥፍ ሆኗል።

«ምን ብሰፋ ነው ይሄን ያህል?» አለች ሴትዮዋ፣ ክር የተጣበቀበትን ሹራቧን እየነካካች። «እኔ ዩኒፎርም እንጂ ብረት አልሰፋም። ካልቀነሰልኝ የማሽኑን ሞተር ሸጬ በእግሬ ልረግጥ ነው። በሞተር በቀን አሥር አወጣለሁ፤ በእግር አራት ከሆነልኝ ተመስገን ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀረው፤ መቶ ሃያ ዩኒፎርም ቀብድ በልቻለሁ።»

የመስኮት አራት ሠራተኛ ኮምፒዩተሩን አየች። «ባለፈው ወር ተነቧል። ፍጆታዎ በእርግጥም ጨምሯል ነው የሚለው።»

«ኮምፒዩተሩ መቼ መጥቶ አየ?» አሉ ጋሽ ሚዛን። ከዚያ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እንዋዋል። ቅዳሜ ጠዋት መጥተሽ በዓይንሽ እዪ። ከመጣሽልኝ አንድ ወር ሙሉ እዚህ ደጅ ድርሽ አልልም።»

አንድ ወር! አራት ማክሰኞ! የዓመት ፈቃዷ እንኳ እንዲህ አስደስቷት አያውቅም።

«ቃል?» አለች።

«ሙሉ ሚዛን።»

«እኔም ልምጣ?» አለ የመስኮት አምስቱ ባልደረባዋ እያሾፈ።

ቅዳሜ ስትደርስ ሕንፃው በተጠንቀቅ ቆሟል። አምስት አባወራ፣ አምስት ቆጣሪ፤ ሁሉም ደረጃው ሥር ባለ የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ በየበራቸው ቁጥር ተደርድረዋል። ሳጥኑ አምና ታድሶ ቆጣሪዎቹ ተፈተው እንደገና የተገጠሙት በኩባንያው ሰው ነው። ጋሽ ሚዛን ከረባት አድርገዋል። ፊሽካ አልያዙም እንጂ የጎደላቸው እሱ ብቻ ነበር።

«ሁላችሁም አጥፉ!» ሲሉ አዘዙ። «አምፖል፣ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ሬዲዮ! የቻርጀር ገመድ እንኳ እንዳይቀር!»

በየበሩ ቀጭ ቀጭ ተባለ። አራቱ ቆጣሪዎች ውስጥ ያሉት ክብ ብረቶች ቀስ እያሉ ቆሙ። የልብስ ሰፊዋ ግን ይሽከረከራል፤ ያውም ሩጫ በሉት።

«አያችሁ!» ጋሽ ሚዛን ከዘራቸውን አነሱ። «ቤቷ ጨለማ፣ ማሽኗ ዝም፣ ቆጣሪው ይቆጥራል! አውራ ጣቱን ሚዛን ላይ የጫነው ኩባንያው ነው! ጻፊ ልጄ፣ ጻፊ!»

የመስኮት አራት ሠራተኛ ግን አልጻፈችም። ስንት ዓመት አቤቱታ ሰምታለች፤ የጎደለው ነገር ያለው ብዙ ጊዜ ካልተጠየቀው ሰው ዘንድ እንደሆነ ታውቃለች።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቤትስ ጠፍቷል?»

«የእኔማ ይኸው ቆሞ የለ!» ብለው ቆጣሪያቸውን አሳዩ።

«እስቲ ለማንኛውም ወጣ ብለን እንየው።»

አንድ ጉልበታቸውን እያማረሩ ደረጃውን ወጡ። በሩ ሲከፈት ሙቀት ፊቷን መታት። ወንበራቸው ፊት አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቀልቶ ይነዳል፤ ሁለት ካልሲ ተሰጥቶበታል። ክረምት ከገባ ጀምሮ ለጉልበታቸው ሌት ተቀን የሚያነዱት ነው። ተቆጣጣሪውን የሚቆጣጠር ስለሌለ፣ «ሁላችሁም አጥፉ» ሲሉ ራሳቸውን አልቆጠሩም ነበር።

ጋሽ ሚዛን ጎንበስ ብለው አጠፉት።

«ቆመ!» ስትል ከታች ልብስ ሰፊዋ ጮኸች። «ጋሼ፣ ቆመልኝ!»

ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቀሩ። አበሩት። «ኧረ ተነሣ!» አጠፉት። «ቆመ!» እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ መዘኑ፤ ሦስቱም ልክ መጣ። ቆጣሪዎቹ ሲገጠሙ የሁለቱ ቤት መስመር ተለዋውጧል። ልብስ ሰፊዋ የእሳቸውን ጉልበት ስታሞቅ ከርማለች፤ ያ ሁሉ የተዘመረለት ቁጠባ ደግሞ የእሷ ነበር። እሁድን የሚያከብረው ቆጣሪው አልነበረም፤ እሁድ በሯን ዘግታ እህቷ ዘንድ የምትሄደው ልብስ ሰፊዋ ነበረች።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከታች ያለው ሕዝብ ጋሽ ሚዛን የተበላሸ ቆጣሪ በጥበባቸው አስቁመዋል ብሎ ያጨበጭባል። ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? የመስኮት አራት ሠራተኛ ዓይኗን ካልሲው ላይ አሳረፈች። እሷ አትናገርም፤ እንዲናገሩ ግን ምን ያህል እንደፈለገች ሲገባት ራሷንም ገረማት።

ጋሽ ሚዛን ከረባታቸውን አስተካከሉና ወደ ደረጃው ወጡ።

«ጸጥታ!» አሉ። «ሌባው ተገኝቷል። እኔ ነኝ።»

የማሞቂያውን ነገር ሲነግሯት ልብስ ሰፊዋ አፏን ያዘች። «ይተዉት ጋሼ፣ አውቀው አላደረጉት! ከእንግዲህ ይስተካከልልኝ እንጂ ያለፈውን ይተዉት፤ ጎረቤት አይደለን?»

«ጉርብትና ሌላ፣ ሚዛን ሌላ። ያቃጠልኩትን እከፍላለሁ። አንቺ ሞተርሽን እንዳትነኪ!» ከዚያ ወደ ኩባንያው ተወካይ ዞሩ። «ቅፅ ይዘሻል?»

ይዛ ነበር። ችግሩ ቅፁ ላይ ያሉት ምርጫዎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ «ይቀነስልኝ» እና «ይራዘምልኝ»። ይጨመርብኝ ብሎ የመጣ ደንበኛ በኩባንያው ታሪክ ስለሌለ ሳጥን አልተበጀለትም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ሰረዘችና በእጇ «ይጨመርብኝ» ብላ ጻፈች። ክቡርነታቸው አንብበው፣ አንዲት ነጥብ አርመው ፈረሙ።

ሰኞ ዕለት ሠራተኛ ተልኮ መስመሮቹ ተስተካከሉ። የልብስ ሰፊዋ ክፍያ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ዩኒፎርሞቹም ትምህርት ቤት ከመከፈቱ ሁለት ቀን ቀደም ብለው አለቁ።

ጋሽ ሚዛንም ቃላቸውን አከበሩ። በመጀመሪያው ማክሰኞ የመስኮት አራት ሠራተኛ ሻይዋን ሳይቀዘቅዝ ጠጣች። በሁለተኛው ሦስት ሰዓት ሲሆን በሩን አየች። በሦስተኛው ጥበቃውን «ጋሼ ታመው ይሆን እንዴ?» ብላ ጠየቀች። በአራተኛው ከመጋዘን ወንበር አስመጥታ መስኮቷ ፊት አስቀመጠች። ናፍቀዋታል፤ እንደናፈቋት ለመስኮት አምስት ብትናገር ግን እስከ ጡረታዋ መሳቂያ ትሆናለች።

በአምስተኛው ማክሰኞ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ደብተሩም ኮፍያውም ከዘራውም አብረው ገቡ። እጃቸው ላይ «ወርሃዊ ክፍያዎ ተሻሽሏል» የሚል ደብዳቤ አለ።

«የጨመራችሁብኝ አንሷል!» አሉ፣ ከሰላምታ በፊት። «ማሞቂያውን ለክቼ ነው የመጣሁት። ይሄን ማን አስልቶ ነው? ይሄ እኮ...»

«ግምት ነው» አለች እሷ። «ግምት ደግሞ ለጠንቋይ ነው። ይቀመጡ ጋሼ።»

በመስኮቱ ሥር አንድ ቅፅ አሾለከችላቸው። ስማቸው፣ አድራሻቸውና የቆጣሪ ቁጥራቸው ጠዋት ቢሮ እንደገባች ተሞልቷል፤ «ይጨመርብኝ» የሚለውም በእጇ ተጽፎ ሳጥን ተሠርቶለታል። የቀረው ፊርማቸው ብቻ ነበር።