የተቆረጠችው «አት»

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሃምሳ አለቃ ድሪባ «ተቀበል!» ሲሉኝ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

«ምን እየለመንክ ነው?» አሉኝ።

«ተቀበል አሉኝ እኮ!»

«አንተ ሰው! በሬዲዮ ተቀበል ማለት እኔ ጨርሻለሁ፣ ያንተ ተራ ነው ማለት ነው!»

ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጦር ሬዲዮ ሠራተኛ። በአጥር ላይ ጨው ሲያቀብሉኝም ተቀበል ነው የሚሉት፤ እኔ በምን ልለየው? ልጃቸው አያንቱም የአባቷን ሙያ ይዛ ግንባር ከወረደች ከርማለች።

በሕልሜ ጦር ሰፈር ውስጥ ነን። ሁሉ ነገር ተገልብጧል። ሬዲዮዎቹ ወታደር አዝለው ይሄዳሉ። ኮሎኔሎች እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አንቴና ሆነዋል፤ አንዱ ባስነጠሰ ቁጥር ድምፅ ይቆራረጣል። አንዲት ሬዲዮ ጆሮዬን ይዛ እንደ ቁልፍ ጠመዘዘችኝና «ይሄኛው ደህና ይሰማል» አለች።

ያሁን ዘመን ሬዲዮ ጠላት ሲያፍነው ከሞገድ ሞገድ እየዘለለ ያመልጣል ብለው ሃምሳ አለቃ ስንቴ አጫውተውኛል። እዚህ ግን ሬዲዮዋ ተደላድላ ተቀምጣ «ታፍነናል! ዝለሉ!» ስትል የምንዘለው እኛ ሆንን። ጦሩ በሙሉ እንደ ፌንጣ፣ ከኮረብታ ኮረብታ። እኔ ዝላዩን ስቼ የሰው ሠርግ መሃል ወደቅኩ። ሙሽራዋ «ሞገድህ አይደለም፣ ውጣ!» ብላ ገፈተረችኝ።

ተመልሼ ስወድቅ የሃምሳ አለቃ ፊት አመድ መስሏል።

«መድፈኞቻችን ያንን ኮረብታ አነጣጥረዋል» አሉ። «እዚያ ያለችው አያንቱ ናት፤ ከነጓደኞቿ። የኔ ድምፅ ተዘግቷል። ንገርልኝ!»

ጮህኩ። «ኮረብታው ላይ የኛ ልጆች አሉ፣ አትተኩሱ! ተቀበል!»

መድፈኞቹ ለካ አዝማሪዎች ናቸው። ተቀበል ሲባሉ ጊዜ ማሲንቋቸውን አነሱና እየተወዛወዙ ተቀበሉኝ፦

«ኮረብታው ላይ የኛ ልጆች አሉ፣ ተኩሱ!»

ክው አልኩ። «አት የት ሄደች?»

«አየሩ ጠበበብኝ» አለች ሬዲዮዋ፣ ቀና እንኳ ሳትል። «እኔ የምሠራው አየሩን እያየሁ ነው። ሲጠብ ከቃሉ እቆርጣለሁ።»

«ነገሩ ያለው እኮ እሷ ላይ ነው!»

«አጭር ናት። ትርፍ መሰለችኝ።»

ሃምሳ አለቃ «አት! አት! አት!» እያሉ በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ቁልቁል ሮጡ። እኔም ተከተልኳቸው። መድፈኞቹ አዩንና ሳቁ፤ «ጋሼ፣ ይሄማ ግጥም አይደለም፣ ቤት ይምታ እንጂ!» አሉ። አንደኛው የመድፉን ገመድ ጨበጠ። ሳበው—

ከአልጋዬ ወድቄ ነቃሁ። ነግቷል። ስጮህ ተሰምቶ ነው መሰለኝ ሃምሳ አለቃ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገዋል። ነጠላዬን እየጎተትኩ ወጣሁ።

«አያንቱ ደወለች?»

«አልደወለችም።»

«አይ፣ እንግዲህ ግንባር ላይ ኔትወርክ ከየት ይመጣል ብለው ነው» አልኳቸው፣ ላጽናናቸው ብዬ።

ስልካቸውን ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው አዩት፤ ዝቅ አድርገው አዩት።

«እሷ ጋ አለ አሉ» አሉኝ። «የጠፋነው እኛ ነን።»