ወንበር ላይ የቀረች ጠጠር

«ጠጠርዎን ያንሱ እንጂ ጋሼ» አለች ትርፍነሽ። ከጄኔቭ በባቡር ለማኅበሩ ስብሰባ እየተመላለሰች ይህን ስትል ይኸው አስራ ስድስተኛ እሁዷ።

«ደንቡ ላይ አንሳ ይላል?» አሉ ሊቀመንበሩ ጋሽ እንግዳ።

አይልም። በስደት ያቋቋምነው ማኅበራችን ደግሞ ደንብ ያላለውን አይሠራም። ደንብ ያለውንም ቢሆን ተቻኩሎ አይሠራም፤ የተከበርነው በዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ተሰደው ጄኔቭ አጠገብ ቶኔ የኖሩት ታላቁ ደራሲ ጋሽ ሙላቱ ሲያርፉ፣ ወረቀታቸው በአስራ አንድ ካርቶን ዲቤንዶርፍ ከተማ ወዳለው የማኅበሩ ምድር ቤት መጣ። ስድስት ዓመት ማንም አልከፈተውም፤ ቅርስ እንዴት ይነካካል? የነካካው ወጣቱ ቢረሳው ነው፣ ሁለት ዓመት በነጻ መዝገብ ቤቱን ያደራጀው። ያልታተመ ልብ ወለድ አገኛለሁ ሲል፣ ደራሲው በእጃቸው የሠሩት እንደ ሉዶ ያለ የጠጠር ጨዋታ ወጣ። መሃሉ ላይ «ወንበር» የሚል ቤት አለ። ደንቡ አንድ ገጽ ነው፦ «ወንበር የደረሰ ይቀመጣል። ሲነሣ ጨዋታው ይቀጥላል።» ሁለተኛው ገጽ የለም።

ወዲያው አጥኚ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውን የሚያጠና ሌላ ኮሚቴም ተቋቋመ። በምረቃው ቀን ሁሉም «እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባል ጋሽ እንግዳ ቀደሙ፤ በሦስተኛው ውርወራ ወንበር ላይ ቁጭ። ሌላው እንዳይበላቸው የታላቅ ጠጠር መብላት ነውር ሆነ። እሳቸው እንዲነሡ የሚያዝ ደንብም የለም። ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ ጉዳይ ሁሉ ቃለ ጉባኤ ላይ «ከጨዋታው ፍጻሜ በኋላ ይታያል» እየተባለ ተመዘገበ።

የቢረሳውም ጉዳይ እዚያው ገባ። ላንግሽትራሰ ጎዳና አካባቢ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሊቀጥረው ነው፤ ሰኞ ጠዋት የሥራ ምስክር ወረቀት ይዘህ ና ብሎታል። በዚህ አገር ያለ ምስክር ወረቀት መጥረጊያ እንኳ አያስጨብጡም።

«ጋሼ፣ ነገ እኮ ነው። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።»

«ማኅበሩ ሥራ ላይ ነው ልጄ። ጨዋታ መሰለህ?»

«ጨዋታ ነው እኮ» አለች ትርፍነሽ።

ጋሽ እንግዳ አልሰሙም፤ ወገባቸውን እያሻሹ ነበር። አራት ወር መቀመጥ ቀላል አይደለም። «ይልቅ ከታች ትራስ ፈልግልኝ» አሉት።

ቢረሳው ወረደ። ትራሱን ሲስብ አስራ አንደኛው ካርቶን ተገለበጠ፤ ታቹ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየ። የደራሲው እጅ ጽሑፍ ነው፣ ሁለተኛው ገጽ፦

«ወንበሩ ላይ ከሦስት ዙር በላይ የቆየ ተሸንፏል። ይህን ገጽ አግኝቶ ‹በኋላ አሳያለሁ› ያለ፣ ቀጣዩ ወንበር የእሱ ነው።»

አጥፎ ቀኝ ኪሱ ከተተው። የምስክር ወረቀቱ ግራ ኪሱ ነው።

ጋሽ እንግዳ ትራሱ ላይ ተደላደሉ፣ ፊታቸው በራ። «ተባረክ። በል አምጣ ያን ወረቀትህን።» እስክሪብቶ አወጡ፤ ማኅተሙን እፍ እፍ አሉበት።

ትርፍነሽ ቢረሳውን ትክ ብላ አየችው። «አንተ፣ ምነው ፊትህ ተለዋወጠ? ታች ምን አገኘህ?»

ማኅተሙ አየር ላይ ነው። እስቲ እናንተ ብትሆኑ፣ እጃችሁን የምትከቱት የትኛው ኪስ ነው?