እትዬ የዝናሽ በመስኮት ሦስት

ኔትወርክ በደረሰበት አገር ሁሉ አቤት ባይ አብሮ ይደርሳል። ከማማው ሥር አብሮ የሚበቅል ይመስል፣ የስልክ ኩባንያ ቢሮ የከፈተበት ከተማ በሩ ላይ ከጥበቃው ቀድሞ የሚደርስ አንድ ሰው አያጣም። ለአሶሳ የደረሷት ክብርት ወይዘሮ የዝናሽ ናቸው።

እፀገነት ይህን ያወቀችው በዳቡስ ሞባይል የአሶሳ ቅርንጫፍ መስኮት ሦስት ላይ በተቀመጠች በሁለተኛው ቀን ነው። መጀመሪያ ጥቁር ዣንጥላ መጣ፤ ቀጥሎ እሳቸው።

«ስምሽን ማን ልበል፣ የኔ ዓለም?»

ነገረቻቸው። ከዘንቢላቸው የተማሪ ደብተር አወጡና ጻፉት። በዚያ ደብተር ስሙ የገባ ሠራተኛ፣ ክርስትና እንደተነሣ ሰው፣ የእሳቸው ሆኖ ይቀራል። የመስኮት ሁለቱ ገመቺስ ጎንበስ ብሎ፣ «ከዝውውር በቀር መድኃኒት የለውም» አላት።

እትዬ የዝናሽ ቴክኖሎጂ ይጠላሉ የሚል አያውቃቸውም። «ማሽን ምን አደረገኝ? እኔ የምጣላው ከማሽኑ ጀርባ ከተደበቀው ሰው ጋር ነው» ይላሉ። ኩባንያው በጽሑፍ የሚመልስ ሮቦት ያመጣ ጊዜ እንኳ ጠዋቱን ሙሉ ሲያዋዩት አረፈዱ። ሮቦቱ «ይቅርታ፣ ጥያቄዎ አልገባኝም» ሲላቸው፣ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ለተሰለፈው ሕዝብ አሳዩ። «እዩልኝ! እዚህ ቤት ‹አልገባኝም› ብሎ ያመነ የመጀመሪያው ሠራተኛ ይሄ ነው። ደመወዝ ጨምሩለት!»

በነፃ መስመሩ ሲደውሉ የተቀዳው ድምፅ «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ ጠቃሚ ነው» ካላቸው፣ «ከጠቀማችሁ አንሡታ!» ብለው ይቆጡታል። ቅሬታቸውን ደግሞ እንደ ሰው አይጽፉም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ የሰፋሪ ልጅ ናቸው፤ ለለቅሶውም ለሠርጉም ስንኝ ከሚያወርድ ቤት ያደጉ። ስለዚህ ቅጹ ላይ «የቅሬታው ዝርዝር» ከሚለው ሥር እንዲህ ብለው ሰጧት፤

«አንድን ይጫኑ አለኝ፣ ሁለትን ይጫኑ፤
ጣቴ አለቀ በሉት፣ ሰው ካለ ከጎኑ።»

እፀገነት በየትኛው ምድብ እንደምትልከው ጠፍቷት «ሌሎች» የሚለው ውስጥ ከተተችው። ቤቷ ገብታ ሳህን ስታጥብ ግን ስንኙን ስታንጎራጉር ራሷን አገኘችው። ተናደደች፤ ዜማው ደግሞ ያምራል።

በጥቅምት አንድ ሰኞ እትዬ የዝናሽ ብቻቸውን አልመጡም። ጎረቤታቸውን ዐፊፋን በክንዷ ይዘዋል።

«ዛሬ የራሴ ጉዳይ የለኝም» አሉ። እፀገነት ይሄኔ ነው የፈራችው።

ዐፊፋ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ አማርኛዋ የገበያ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ልጅ የኔ ሱዳን ነው፣ ሙዳሲር። ጦርነት መጣ፣ ስልክ ቀሙት። በኩርሙክ ድንበር የመጣ ሰው ነገረኝ። በልቡ የሚያውቅ ቁጥር አንድ ነው፣ የኔ ብቻ።»

አምና ስልኳ ተበላሽቶ ወራት ከረመ። አሠርታ ስትመለስ ቁጥሩ የለም። እፀገነት ኮምፒውተሩን አየችና አንገቷን ደፋች። «ለወራት ስላልተሠራበት ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ተሰጥቷል። የማን እንደሆነ መናገር አይፈቀድልኝም። ሲስተሙም አይመልሰውም።»

እትዬ የዝናሽ አልጮኹም። መስኮቱን ተደግፈው፣ ለራሳቸው ያህል፣ አንጎራጎሩ፤

«የእናትን ስልክ ቁጥር ሰጣችሁት ለሰው፤
ልጇ ‹እማ› ካለው በምን ይመልሰው?»

ከዚያ ወደ ዐፊፋ ዞሩ። «ለመሆኑ ራስሽ ደውለሽበታል?»

«ደወልኩ። ሰውዬ ተቆጣ። ‹የሎተሪ ሌባ› አለኝ፣ ዘጋ።»

«አሃ! ስልክ በሚዘጋ ሰው እኔ አውቅበታለሁ።» ስልካቸውን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው፣ ድምፁን ከፍተው ደወሉ። ተዘጋ። ደገሙ። ተዘጋ። በሦስተኛው፣ «ሎተሪ አልፈልግም አልኩ እኮ!» የሚል ጎርናና ድምፅ ቢሮውን ሞላው።

«እኔስ መች ልሰጥህ! ስምህን ማን ልበል?»

ሰውዬው ግራ ገባው። «...ሀብቱ።»

«የት ነህ፣ ሀብቱ?»

«ፓዌ። እህል እያስፈጨሁ ነው፤ ምን ፈለጉ?»

«የያዝከው ቁጥር ካንተ በፊት የአንዲት እናት ነበር። በደንቡ ያንተ ነው፤ አልቀማህም። ልጇ ግን ሱዳን ቀልጦ ቀርቷል፤ ከዚህ ቁጥር ሌላ አያውቅም።»

ሀብቱ ከወፍጮው ራቅ ሳይል አልቀረም፣ ድምፁ ጠራ። «አንድ የውጭ ቁጥር አለ። ከክረምት ጀምሮ ይደውልልኝ ነበር። በማላውቀው ቋንቋ ያወራል፤ አንዳንዴም ያለቅሳል። አጭበርባሪ መስሎኝ... ዳግም እንዳይገባ ዘጋሁበት። ኧረ ምን አድርጌ ነው!»

ዐፊፋ «ያለቅሳል» የምትለዋ ቃል ገብታታለች። የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች።

«ራስህን ኋላ ትወቅሳለህ፣ ወንድሜ። አሁን ቁጥሩን አንብብልኝ» አሉት እትዬ የዝናሽ።

እፀገነት እያንዳንዷን ቁጥር ጻፈች፤ ከኋላ የተሰለፉት ሰዎች አብረው ደገሙላት። የቢሮውን ስልክ አነሣች። በዚያ ስልክ ወደ ውጭ አገር መደወል ለሠራተኛ ክልክል ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ምንውየለት ከመስታወት ክፍላቸው ወጥተው ከኋላዋ ቆመዋል።

«መጀመሪያ ዜሮ ዜሮ አስገቢ» አሏት አቶ ምንውየለት።

አራት ጊዜ ጠራ። የደከመው ወጣት ድምፅ ሲመጣ ዐፊፋ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች፣ በራሷ ቋንቋ። እፀገነት ትርጉሟን አታውቅም። በወዲያኛው ጫፍ ግን ያ ድምፅ እንደ ሕፃን ተሰበረ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ማለቱን ደግሞ የማይረዳ አልነበረም። ጥበቃው ሳይቀር ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ወሬው ተጠግቦ ስልኩ ሲቀመጥ እትዬ የዝናሽ እጃቸውን ዘረጉ። «ቅጽ ስጪኝ።»

«ዛሬ የምጽፈው እኔ ነኝ» አለች እፀገነት። «አቤቱታ አቅራቢ» በሚለው ቦታ የራሷን ስም አሰፈረች። አቤቱታዋ፣ የቆየ ቁጥር ለሌላ ሰው ከመሰጠቱ በፊት፣ ምናልባት ቢቻል፣ የቀድሞው ባለቤት ባስመዘገበው አድራሻ ተፈልጎ ቢጠየቅ የሚል ነው። አቶ ምንውየለት ቆመው ሲያነቡ ቆዩና ከግርጌው ፈረሙ።

እትዬ የዝናሽ መነጽራቸውን አጠለቁ። ጣታቸው አንዲት ቃል ላይ ቆመች። «ይቺን ‹ምናልባት› አውጫት፣ የኔ ዓለም። ያ ልጅ የጠፋው በምናልባት አይደለም።»

እፀገነት ሰረዘችው። ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል፤ ገመቺስም በዓይኑ «አሰናብቻቸው» እያላት ነው። እሷ ግን ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠጋች።

«ሌላስ፣ እትዬ?» አለች፤ መልሱ እንዲረዝምላት እየተመኘች።