ታኮ መስሎኝ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶበት የቆመ ሰው አይታችሁ ማለፍ ትችላላችሁ? እኔ አልችልም። በሽታ ነው መሰለኝ። ለሥራ ከደብረ ታቦር ነፋስ መውጫ ስመላለስ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ካየሁ እግሬ ራሱ ፍሬን ይረግጣል።

ለዚህ ብዬ አንዲት ከረጢት አሰናድቻለሁ። ትንሽ ናት፤ ከወንበር ሥር ትገባለች። ግን ምን የሌለባት አለ? ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የጎማ መለጠፊያ፣ በእግር የሚረገጥ መንፊያ፣ ከባትሪ ባትሪ ኃይል የሚያበድር ገመድ፣ ሽቦ፣ የሚያፈስ የነዳጅ ታንከር የሚደፈንበት ቁራሽ ሳሙና። ሳሙናው አይግረማችሁ፤ ስንቱን ሰው ከቤቱ አግብቷል። ታኮ ብቻ አልያዝሁም። በእኛ አገር ከጎማ ሥር የሚወሸቅ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?

ሚስቴ ከረጢቷን አትወዳትም። የቤታችን በር እጀታ ተንጠልጥሎ ከርሟል፤ ካቻቢቴው መኪና ውስጥ ነዋ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እያለች ትተርትብኛለች። ማሰሮ ጥጄ የማላውቀውን ሰውዬ።

እንግዲህ ባለፈው ጥር አንድ ጧት ከነፋስ መውጫ ስመለስ፣ ገሳይን እንዳለፍሁ ዳገቱ ላይ አንዲት ሚኒባስ ቆማ አየሁ። ኮፈኗ ተከፍቷል። አስፋልቱ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጎዝጉዟል። ሰው ሲቸገር ደስ ይለዋል እንዳትሉኝ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ አለኝ።

ከረጢቴን ይዤ ወረድሁ። ሹፌሩ ሣር ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ምን እንደገጠመው ብጠይቀው፣ ምንም የለም፣ ደኅና ነን፣ እለፍ አለኝ። ምንም ሳይሆን ኮፈን ይከፈታል? አፍሮ ነው አልሁ። ሹፌር መሆኑ ነው፤ መኪናዬ ታማለች ከሚል ራሱ ቢታመም ይመርጣል። ደጋግሞ ዓይኑን ይጠቅስብኛል። እሱንም አቧራ ገብቶበት መሰለኝ።

ከመኪናዋ ኋላ ሰዎች ቆመዋል። ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንዱ ጥምጥም ያሰሩ መሪጌታ። አንድ ጎልማሳ ትልቅ ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሏል። ሌላ ጠና ያሉ ሰው ደግሞ ጀርባቸውን ሰጥተው የጉናን ተራራ ይመለከታሉ።

ታዲያ ዳገት ላይ በቆመች መኪና አጠገብ ድንጋይ የተሸከመ ሰው፣ ድንጋዩን ምን ሊያደርገው ነው? ታኮ ነዋ! ከጎማው ሥር ምንም የለም። ይህን ሁሉ ሸክም ይዞ ሲቆም እነዚያ ዝም ብለው ያዩታል። ተናደድሁላችሁ። ሮጬ ድንጋዩን ከትከሻው ተቀበልሁትና ከኋላ ጎማው ሥር ወሽቄ በእርግጫ አጠበቅሁት። እጄን አራግፌ ምርቃት እየጠበቅሁ ቀና አልሁ።

የምን ምርቃት? መሪጌታው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል። የጎልማሳው እጅ ድንጋይ እንደያዘ ሁሉ ትከሻው ላይ ቀርቷል። ሹፌሩ ቆሎውን በትኖ ተነሣ።

ወደ ጎን ስቦኝ በሹክሹክታ ነገረኝ። ድንጋይ የተሸከመውና ጀርባቸውን የሰጡት ሰው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ታናሹ ምናለ የወሰኑን ባሕር ዛፍ ሳያስፈቅድ ቆርጦ፣ ከታላቁ ከአያ ታከለ ጋር ከተኳረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። ዛሬ እኅታቸው ደብረ ታቦር ላይ አንድ ልጇን ትድራለች፤ ሳይታረቁ ከመጡ ሁለቱም ደጄን አይረግጧትም ብላ ምላለች። ለእርቅ ውረዱ ቢባሉ ደግሞ አይወርዱም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ከሹፌሩ ጋር መክረው ደኅነኛዋን መኪና ተበላሸች አሏት። ስንት ለምነው፣ ስንት ተቆጥተው ምናለን ድንጋይ አሸከሙት። በዳይ ይሸከማል፣ የተበደለው ይቅር ብሎ ያወርድለታል። ይህን ማን የማያውቅ አለ? እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ነው ያደግሁት። አያ ታከለ ግን ገና አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። እኔ ደረስሁና አወረድሁት።

ክው አልሁ። የሰው እርቅ ከጎማ ሥር ወሽቄ፣ ያውም በእርግጫ! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይህ አይደል? ድንኳን አስጥላ ወንድሞቿን የምትጠብቀው እኅት ዓይኔ ላይ መጣችብኝ። የሴትዮዋን ሠርግ ለቅሶ አደረግሁት አልሁ በሆዴ።

አያ ታከለ ዞሩ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል። ቀጥ ብለው ወደ እኔ ሲመጡ በዱላ ሊሉኝ ነው ብዬ ከረጢቴን ከለላ አደረግሁ።

«የወንድሜን ድንጋይ የማወርድ እኔ ሁኜ ሳለሁ፣ አንተ ማን ሁነህ ነው?» አሉኝ።

ወንድሜ አሉ እኮ! ያን ሁሉ ዘመን ያ ሰውዬ እያሉ ሲጠሩት የኖሩትን። ራሳቸውም የሰሙት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው መሰለኝ፣ ደንገጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከጎማው ሥር ጎትተው አወጡት። የምናለ ትከሻ ላይ መለሱት። ገና ሳያርፍ ደግሞ በገዛ እጃቸው አወረዱት። ይቅር ብያለሁ ሲሉ ምናለ እግራቸው ላይ ወደቀ። እኔም አለቀስሁ። ምን አገባኝ ትሉ ይሆናል፤ እኔም አላውቅም።

ሚኒባሷ ቁልፍ እንደነካት ተነሣችና ሄዱ። እኔ ግን ድንጋጤው ሰንብቶብኝ፣ ሁለተኛ ሳልጠይቅ የሰው ነገር አልነካም ብዬ ማልሁ።

ሰሞኑን ታዲያ እኒያ መሪጌታ አጠያይቀው ቤቴ ድረስ መጡ። ሊወቅሱኝ ነው ብዬ እንደገና ደነገጥሁ። ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ከጠረጉ በኋላ፣ ይፋግ በኩል የተኳረፉ ሁለት አማቾች እንዳሉ፣ ተበዳዩ ድርቅ ብሎ እንዳስቸገራቸው አጫወቱኝ። ቅዳሜ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆማለች አሉኝ። የሚፈልጉት ገብቶኝ ቶሎ መሐላዬን ነገርኋቸው፤ ከእንግዲህ አስቀድሜ ሳልጠይቅ ድንጋይም ቢሆን አላነሣም።

መሪጌታ ሳቁ።

«ልጄ፣ መጠየቁንማ እኛም እናውቅበታለን። ያጣነው ሳይጠይቅ የሚያወርድ ሰው ነው።»