ሪባን ያልተቆረጠላት ኮከብ

የመሥሪያ ቤታችንን ታላቅነት የሚጠራጠር ካለ፣ ሮቤ ድረስ መጥቶ የኃላፊያችንን የቢሮ ግድግዳ ይመልከት። እዚያ የተሰቀለው ምስል እንዴት እንደተገኘ በታላቅ አክብሮት እተርካለሁ።

ከጎባ በላይ፣ ሳነቴ ሜዳ ላይ ያቆምነው ቴሌስኮፕ ከተተከለ አራት ወር ሆኖት ነበር። የቆመበት ቤት በር ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል። ሪባኑ ያልተቆረጠለት ንብረት አይነካም፤ መርሃችን ነው። አዲሱ ሽንት ቤታችንም በዚሁ መርህ ስድስት ወር ታሽጎ፣ ሠራተኛው ፊት ለፊት ካለው ሆቴል ሲመላለስ ከርሟል።

ችግሩ የመጣው ከሰማይ ነው። አብረው የሚዞሩ ሁለት ኮከቦች በአንዲት ሩቅ ኮከብ ፊት ሲያልፉ፣ ስበታቸው ብርሃኗን እንደ ማጉያ መነጽር ያደምቀዋል፤ ጥንድ ስለሆኑም ትደምቅና ፈዘዝ ብላ እንደገና ትደምቃለች። የመጀመሪያውን ድምቀት ያዩ የውጭ አገር ባልደረቦች ጻፉልን። ሁለተኛው ድምቀት ሐሙስ ማታ ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ሌላው ጋ ወይ ቀን ነው ወይ ደመና፤ ተስፋችን እናንተ ናችሁ አሉ። ለዚህ ሥራ ሁለት ዓመት የሠለጠነችው ባለሙያችን ጂቱ፣ ደብዳቤውን ይዛ ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ሙለታ ሮጠች።

«ኦቦ ሙለታ፣ ሐሙስ ሳነቴ መውጣት አለብኝ። መኪና ይፍቀዱልኝ።»

«ምረቃው ቅዳሜ ነው። የክብር እንግዳው የሚመጡት ያን ዕለት ነው።»

«ኮከቧ ግን ሐሙስ ናት!»

«ማን ፈቀደላት?»

«ማንም። ካመለጠችን ደግሞ አለቀ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ብጠብቅ እንዲህ አትደምቅም።»

«እንግዲያው ወደ ቅዳሜ የምትዛወርበትን መንገድ አጥንተሽ አቅርቢ።»

«ሪባኑን ፈትቼ ልግባና መልሼ ልሰረው። ወላሂ፣ ማንም አያውቅም!»

«የመንግሥት ሪባን?» አሉ አቶ ሙለታ፤ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

ወዲያው ሪባኑን የሚጠብቅ ዘብ ተመደበ። ለዘቡም መኪና ተፈቀደ።

ሐሙስ ማታ ሳነቴ ላይ አንድም ደመና አልነበረም። ዘቡ ሙህዲን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሪባኑን በታማኝነት ጠበቀ። ጂቱ ሮቤ፣ ደጃፏ ላይ ቆማ ወደ ሰማይ ስታይ አመሸች፤ በባዶ ዓይን የሚታይ ነገር ግን አልነበረም። ዘብ ይመደብ ተብሎ ሲወሰን ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሪባኑ ተቆረጠ። የክብር እንግዳው ክዳኑ ባልተነሳ ቴሌስኮፕ አጮልቀው «ይደንቃል!» አሉ። ረዥም ጭብጨባ ሆነ።

ከወር በኋላ ባልደረቦቹ የኮከቧን የድምቀት ግራፍ ላኩልን። ከየአገሩ የተለቀሙ ነጥቦች ሽቅብ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ሁለተኛው ጫፍ መሆን ያለበት ቦታ ላይ የሦስት ሰዓት ባዶ አለ። ጂቱ አየችውና ወጣች።

አቶ ሙለታ በፍሬም አሰቀሉት። አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ጣታቸውን ባዶው ላይ ያሳርፋሉ።

«ይህችን ቦታ ያያሉ? ከዓለም አገሮች አንድም ሊሞላት የቻለ የለም። የእኛ ናት።»