እመት እስቲ-እንየው እና የዳይሬክተሩ ጥላ

ለጠየቁት ነገር ቀጥተኛ መልስ የማይሰጥ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። አብዛኛው መልሱን ስለማያውቀው ነው። የአንደኛ ክፍል አስተማሪያችን ግን እያወቁ ይነፍጉን ነበር። «ክብርት እመት እስቲ-እንየው» የሚለውን ማዕረግ የሰጠናቸው እኛው ተማሪዎቻቸው ነን።

«ቲቸር፣ ድንጋይ ለምን ይሰምጣል?»

«ሁሉም ድንጋይ ይሰምጣል? እስቲ እንየው!»

ከዚያ ባልዲ ይመጣል፤ ወለሉ ይጨቀያል፤ ካልሲያችን ይበሰብሳል። የጽዳት ሠራተኛዋ «እኚህ ሴትዮ ዕድሜዬን ሊያሳጥሩት ነው» እያለች ትወለውላለች። ጉንዳን ከስኳርና ከጨው የቱን እንደሚመርጥ ለማወቅ መስኮት ሥር በተንበረከክንበት ሳምንት ደግሞ የግማሾቻችን ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ።

ጣጣው ቤት ድረስ ተከተለን። አባቴ «ተኛ፣ መሽቷል» ቢለኝ «በምን አወቅህ?» አልኩት። በምን እንዳወቀ በኩርኩም አስረዳኝ። በማግስቱ እናቴ ሌሎች እናቶችን አስከትላ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

«ፊደል ያስቆጥሩልኛል ብዬ ብልከው ነገረኛ አድርገው መለሱልኝ!»

ዳይሬክተሩ ረጅምና ቁጡ ሰው ነበሩ። ክፍሉን ነጥቀው ለሌላ መምህር ሊሰጡ ቆርጠው ሲመጡ፣ እኛ ግቢው ውስጥ በጠዋት ፀሐይ የየራሳችንን ጥላ በጠመኔ እንከባለን።

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ክፍል...»

«ጋሼ፣ እንዳይነቃነቁ!» አለቻቸው ከሁላችን የምታንሰው ልጅ፣ እግራቸው ሥር ተንበርክካ። «የእርስዎ ጥላ ከሁሉ ይረዝማል!»

ቆሙ። ምን ያድርጉ? ጫማቸው ሳይቀር በጠመኔ ተከበበ። ወደ ምሳ ሰዓት ጠርተን እዚያው ምልክት ላይ መልሰን አቆምናቸው። ጥላቸው አጥሮ፣ ከእግራቸው ሥር ተኮማትሯል። በጠመኔ የተሳለው ረጅም ሰውዬ ባዶውን ተጋድሟል።

«የት ሄደ?» አሉ። ቁጣው ከድምፃቸው ጠፍቷል።

«እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» አሉ አስተማሪያችን።

ዳይሬክተሩ ሰማዩን አዩ፤ መሬቱን አዩ፤ ኮታቸውን አወለቁ። «ይሄ ክፍል...» ብለው ጀመሩና ተውት። «ከሰዓት በኋላ ያለ እኔ እንዳትለኩ።»

ክፍሉን ከአስተማሪያችን ማንም አልነጠቀም። ከዚያ ወዲህ መልስ ያሸከሙኝ መምህራን ብዙ ናቸው፤ የአብዛኞቹን መልክ ረስቻለሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን በእጃቸው ከፀሐይ ጋርደው፣ መልሱን ከንፈራቸው ላይ ይዘው፣ አንዳችን እስኪደርስበት ሲጠብቁ እስከ ዛሬ ይታዩኛል። እያወቁ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ እኔም ልጅ ወልጄ ነው።