ኤክስ ሦስት ይተኛል ወይስ ይቆማል

[የአንድ ሕንፃ ተቋራጭ ቢሮ። ጠባብ ኮሪደር፣ የተዘጋ በር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። የፎርማንነት ፈተና ቀን ነው። ውስጥ ያለው ጠረጴዛ አንድ ብቻ ስለሆነ ተፈታኞች የሚገቡት በየተራ ነው። ክፍት ቦታው አንድ፣ ተፈታኞቹ ሁለት። የመጋዘን ኃላፊው ወረቀቱን አስረክቦ ገና መውጣቱ ነው። ወንበሩ ላይ ተራውን የሚጠብቀው ግንበኛ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ «ጋሼ» ይለዋል።]

ጋሼ፦ የተጋደመ ነው አልኩህ። ስንት ጊዜ ልንገርህ?

ግንበኛ፦ አይቆጡ ጋሼ። ጥያቄውን አንዴ ይድገሙልኝ።

ጋሼ፦ አራተኛው ጥያቄ። «ኤክስ እኩል ይሆናል ሦስት። መስመሩን ሥራ፣ ተዳፋቱን ጻፍ።» ኤክስ የትኛው ዘንግ ነው? የተጋደመው። ስለዚህ መስመሩም የተጋደመ። ይሄ ጭንቅላት ይጠይቃል። አንተ ጭንቅላትህን የምታውቀው ብሎኬት ስትሸከምበት ነው።

ግንበኛ፦ ብሎኬት በትከሻ ነው የምንሸከመው።

ጋሼ፦ ይኸው፣ ለዚያም አልጠቀመህም።

ግንበኛ፦ ለምን ታዲያ መልሱን ይነግሩኛል? ተፎካካሪ አይደለን?

ጋሼ፦ አንተ? ከእኔ ጋር? እህትህ «ለወጉ እንኳ አንድ ጥያቄ ይመልስ፣ አስረዳው» ብላ ስለጨቀጨቀችኝ ነው። ፎርማን ስሆን መጀመሪያ የማደርገውን ልንገርህ? ከግንብ አውርጄ አሸዋ አስነፋሃለሁ።

ግንበኛ፦ አሥራ አንድ ዓመት ገንብቼ?

ጋሼ፦ አሥራ አንድ ዓመት ተሳስተህ። በል ጥያቄ ካለህ ቶሎ ጠይቅ።

ግንበኛ፦ ሦስቱ ምንድን ነው?

ጋሼ፦ የምኑ ሦስት?

ግንበኛ፦ ኤክስ ሦስት የሚባለው። ከየት ተነስቶ ነው ሦስት?

ጋሼ፦ ከዜሮ ተነስቶ፣ ወደ ቀኝ ሦስት። ሕፃን ያውቀዋል።

ግንበኛ፦ ወደ ላይስ?

ጋሼ፦ ስለ ላይ ማን አወራ? ጥያቄው ስለ ዋይ ትንፍሽ አላለም።

ግንበኛ፦ ታዲያ የፈለግኩት ከፍታ ላይ ብሆን ችግር የለውም?

ጋሼ፦ ከፈለግህ ጣሪያ ላይ ውጣ። ብቻ ከሦስት ንቅንቅ እንዳትል።

ግንበኛ፦ [ከኪሱ ቱንቢ፣ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበትን ክር፣ ያወጣል። በሩ አጠገብ ቆሞ ክሩን ያንጠለጥላል።] ወለሉን ኤክስ እንበለው። የበሩን መቃን ዋይ። ክሩ ከመቃኑ በስተቀኝ ሦስት ስንዝር ይርቃል።

ጋሼ፦ ለፈተና ቱንቢ ይዞ የሚመጣ ሰው አየሁ።

ግንበኛ፦ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣሁት። ከላይ፣ እጄ ጋ፣ ከመቃኑ ስንት ይርቃል?

ጋሼ፦ ሦስት።

ግንበኛ፦ መሃሉ ላይ?

ጋሼ፦ ሦስት።

ግንበኛ፦ ከታች፣ ብረቱ ጋ?

ጋሼ፦ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ከቁጥር ማለፍ አቃተህ?

ግንበኛ፦ ሁሉም ቦታ ሦስት ከሆነ፣ ይሄ ክር ራሱ ኤክስ እኩል ይሆናል ሦስት አይደለም?

ጋሼ፦ ነው። እና?

ግንበኛ፦ ተጋድሟል?

[ጋሼ ክሩን ያያል። አንገቱን ወደ ጎን ያዘነብላል። ክሩ እንደቆመ ነው።]

ጋሼ፦ ቱንቢህ ተበላሽቷል።

ግንበኛ፦ ክርና ብረት ነው። ምኑ ይበላሻል?

ጋሼ፦ እሺ፣ መስመሩ ይቁም። ተዳፋቱን ግን አልሳትኩም። ዜሮ ብያለሁ። የቆመ ነገር ወደ የትም አያዘነብልም፣ ስለዚህ ዜሮ።

ግንበኛ፦ ዜሮ ተዳፋት እኔ የማውቀው ወለል ላይ ነው። ውሃ ልክ ሳስቀምጥ አረፋዋ መሃል ላይ ስትቆም።

ጋሼ፦ ግድግዳም ያው ነው።

ግንበኛ፦ ወለልና ግድግዳ? ወለል ላይ ይተኛሉ። ግድግዳ ላይ ይተኛሉ እንዴ ጋሼ?

ጋሼ፦ ይሄ ሒሳብ ነው፣ መኝታ ቤት አይደለም። ተዳፋት ማለት ወደ ላይ የወጣኸው ወደ ጎን ለሄድከው ሲካፈል ነው። በቃ።

ግንበኛ፦ እንደ ደረጃ ማለት ነው። ሦስት ወጥቼ ሁለት ወደ ጎን ከሄድኩ፣ ሦስት ለሁለት።

ጋሼ፦ በመጨረሻ ገባህ።

ግንበኛ፦ በዚህ ክር ላይ ሦስት ብወጣስ? ወደ ጎን ስንት ሄድኩ?

ጋሼ፦ ምንም።

ግንበኛ፦ ሦስት ለምንም ሲካፈል ስንት ይመጣል?

[ጋሼ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።]

ጋሼ፦ ለዜሮ አይካፈልም።

ግንበኛ፦ እንግዲያው «ተዳፋት የለውም» ብዬ ልጻፍ?

ጋሼ፦ ሃያ ነጥብ ነው እኮ የያዘው። [ተነስቶ በሩን ያንኳኳል።] ይቅርታ፣ ወረቀቴን ለአንድ ደቂቃ ብቻ።

[ከውስጥ ድምፅ፦ «ያስረከበ አይመለስም። ቀጣይ።»]

ጋሼ፦ ቆይ፣ አትግባ። ስማኝ ወንድሜ።

ግንበኛ፦ ወንድምዎ መቼ ሆንኩ?

ጋሼ፦ አንተም የተጋደመ ብለህ ሥራ። ተዳፋቱን ዜሮ በል። ሁለታችንም እኩል እንሁን። እህትህን አስባት።

ግንበኛ፦ እርስዎ ካስረዱኝ በኋላ እንዳልገባኝ ላስመስል?

ጋሼ፦ ስታስመስል አይደል እንዴ የቆየኸው? እያወቅህ ስታታልለኝ።

ግንበኛ፦ [በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ይቆማል።] ኧረ አላወቅኩም። እኔም ኤክስ ሲባል የተጋደመ ነው ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት። ዝም ብለውኝ ቢሆን ኖሮ እኩል ነበርን።